የቢቸና አካባቢ የምርጫ ክልል ታሪክ፦ ከ1987 ዓ.ም. በፊት የነበረውን እንዴት መጻፍ ይቻላል?

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም ያለችውን ቢቸና ከተማንና ዙሪያዋን የሚያቅፈውን የምርጫ ክልል ታሪክ፣ ሕዝብ እንደራሴውን መምረጥ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ፣ በአንድ ሰነድ ለማሰባሰብ ተነሥቻለሁ። ሐሳቤ በየዘመኑ ማን እንደተወዳደረ፣ ማን እንዳሸነፈና በምን ያህል ድምፅ እንዳሸነፈ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀትና ከሥሩ አጭር ማብራሪያ ማስፈር ነበር። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ ከ1987 ዓ.ም. ወደ ኋላ አልሄድ ብሎኛል። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን እንደራሴዎች የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች የሚነግሩኝ ስለ ቢቸና አውራጃ ነው፤ ስለ ደርጉ ሸንጎ የሚያወጉኝ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት አከፋፈል ይጠቅሳሉ፤ የዛሬው የምርጫ ክልል ከሁለቱም ጋር በስፋትም ሆነ በወሰን አይገጥምም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የዛሬው የምርጫ ክልል የትናንቱ ወራሽ ነው ተብሎ ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ቢደረደር ስሕተት ይሆን? በተጨማሪም የ1960 ዓ.ም.ን የጎጃም ገበሬዎች ዐመፅ በምርጫ ታሪኩ ውስጥ ማስገባት አለብህ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ግን ዐመፅና ምርጫ የተለያዩ ጉዳዮች ስለሚመስሉኝ ቦታው እዚያ መሆኑን እጠራጠራለሁ። በጉዳዩ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ጨሞጋ

ሥራዎ የሚደነቅ ነው። አስተያየቴን ከሰንጠረዡ ልጀምር፤ በአንድ ሰንጠረዥ መደርደሩን አልመክርም። ምክንያቱ የወሰን መለያየት ብቻ አይደለም። በሦስቱ ዘመናት ‹‹የምርጫ ክልል›› ሲባል የተለያየ ተቋም ማለት ስለነበር ነው።

ፓርላማ የተቋቋመው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቢሆንም፣ በዚያ ሕግ መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ መራጭ ሕዝብ አልነበረም፤ መራጭ ከሌለ ደግሞ የምርጫ ክልል የለም። ታሪክዎ መጀመር ያለበት ከ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ይህ ሕገ መንግሥት ግዛቱ በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺሕ ያህል ነዋሪ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንዲከፈልና እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን እንዲልክ ደነገገ፤ ከሠላሳ ሺሕ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞችም የየራሳቸው እንደራሴ እንዲኖራቸው ፈቀደ። የመራጭ ዕድሜ 21፣ የተመራጭ ዕድሜ 25 ዓመት ነበር። ተመራጩ በሚወዳደርበት ክልል ነዋሪና ሕጉ በሚወስነው መጠን ንብረት ያለው መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሰንጠረዥዎን ያፈርሱታል። አንደኛው ከአንድ ክልል ሁለት ሰው መመረጡ ነው፤ ዛሬ ከአንድ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን ሁለተኛ እንደራሴ የሚያስቀምጡበት ረድፍ አይኖርዎትም። ሁለተኛው የፖለቲካ ፓርቲ አለመኖሩ ነው። በ1950፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. በተካሄዱት አምስት ምርጫዎች ሁሉ ዕጩዎች የቀረቡት በግላቸው ነው። ስለዚህ በጎጃም የዚያን ዘመን ድምፅ የሚያስረዳን የተወዳዳሪው ትውልድ፣ ርስቱ፣ ከቤተ ክህነት ጋር ያለው ዝምድናና በአስተዳደሩ ዘንድ ያለው ተሰሚነት ነው ብዬ አምናለሁ። በእኔ ግምት ከቁጥሩ ይልቅ ይህንን መጻፍ ለአንባቢ ይጠቅማል። የንብረቱ መመዘኛ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ርስት በትውልድ ሐረግ በሚወረስበትና ዘመድ ከዘመድ በሚሟገትበት አገር፣ ‹‹ንብረት ያለው›› የሚለው ቃል ማንን ያስገባል፣ ማንንስ ያስቀራል የሚለው ለብቻው ምዕራፍ የሚወጣው ነው።

አሁን ወደ 1960 ልምጣ። ዐመፁ በምርጫ ታሪክ ውስጥ መግባት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ወጥቶ አሥራትን ሲተካ፣ የጎጃም ገበሬ የፈራው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። ምርት ለመገመት የሚመጣው ኮሚቴ ነገ መሬት ለመለካት፣ ከነገ ወዲያም ርስቱን ለመንጠቅ ይመጣል የሚለው ሥጋት ከገንዘቡ ይበልጥ ነበር። ዐመፁ የእርስዎን ቢቸናንና ሞጣን ጨምሮ በበርካታ አውራጃዎች ተቀጣጠለ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ተጠቀመ፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳዳሪ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሥተው ውዝፍ ግብር እስከ መሰረዝ ተደረሰ።

ይህ ከምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢሉ፣ ሕጉ የጸደቀው በፓርላማ ነው። በዚያ ፓርላማ ውስጥ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. የተመረጡ የጎጃም እንደራሴዎች ተቀምጠው ነበር። ገበሬው ድምፅ ሰጥቶ ሰው ልኳል፤ ሆኖም ኑሮውን በቀጥታ የሚነካ ሕግ ሲመጣ ወደ ላከው ሰው አቤት ከማለት ይልቅ ጠመንጃውን አነሣ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1961 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተካሄደ። ውክልናው ምን ያህል ሥር እንደያዘ ለመመዘን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከየት ይገኛል?

ቀራንዮ

ጨሞጋ ስለ 1948ቱ ሕገ መንግሥት የጻፉትን እቀበላለሁ። ስለ 1960 ዓ.ም. ግን አልስማማም።

የምርጫ ታሪክ ማለት መራጩ በድምፅ መስጫው ያደረገው ነገር ታሪክ ነው። ዐመፁን ካስገባን በኋላ ለእያንዳንዱ የምርጫ ውጤት ማብራሪያ ወደ ዐመፁ መሮጥ ይመጣል፤ ‹‹በ1961 እገሌ የተመረጠው ግብሩን ስለተቃወመ ነው››፣ ‹‹እገሌ የወደቀው ስለደገፈ ነው›› ማለት ይጀመራል። ይህን ለማለት ግን በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያ እንደራሴ በክርክሩ ጊዜ ምን እንደተናገረ ማየት ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤው ከተገኘ ዐመፁ ይግባ፤ ካልተገኘ በግርጌ ማስታወሻ ይቅር። ደግሞስ የጎጃም ገበሬ ግብርን በመሣሪያ የተቃወመው በ1960 ብቻ አይደለም፤ ከጣሊያን ወረራ ማግሥትም፣ ማለትም ሕዝብ የሚመርጠው ፓርላማ ሳይኖርም፣ ተቃውሟል። ያው ሕዝብ ፓርላማ ሳይኖርም ሆነ ኖሮ አንድ ዓይነት ነገር ካደረገ፣ ዐመፁ የውክልና መለኪያ ነው የሚለው መከራከሪያ ይላላል።

ስለ ደርጉ ዘመን ማንም ስላላነሣ ጥቂት ልጨምር። የምክር ቤቱ ዘመን በመስከረም 1967 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ አገራዊ የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሞጣ አውራጃ መምህር ስለነበርሁ፣ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው ለውይይት ሲቀርብ አይቻለሁ። የሚነበበው ብዙ፣ የሚጠየቀው ጥቂት ነበር፤ ጥያቄ ሲነሣም በአብዛኛው ስለ መሬትና ስለ መንደር ምሥረታ ነበር። ሕዝበ ውሳኔው ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ተካሄደ፤ የብሔራዊ ሸንጎ አባላት ምርጫም በዚያው ዓመት ሰኔ 7 ቀን ተደረገ። ሸንጎው 835 አባላት ነበሩት። ለአንድ ወንበር ከአንድ በላይ ዕጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን ብቸኛው ፓርቲ ኢሠፓ፣ ሕዝባዊ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ስለነበሩ፣ መራጩ የሚለየው ሰውን ከሰው እንጂ ሐሳብን ከሐሳብ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ጭራሽ ምርጫ አልነበረም ብሎ መዝለሉ ትክክል አይመስለኝም። ገበሬው ከቀረቡለት መካከል የሚያውቀውንና የማያውቀውን ይለይ ነበር፤ በየመንደሩም ስለዚያ ይወራ ነበር። በሰነድዎ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፤ ከሰንጠረዡ ግን ያውጡት።

የአከፋፈሉ ግራ መጋባትም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። አዲሱ አስተዳደራዊ አከፋፈል ሲወጣ ጎጃም ክፍለ ሀገር መሆኑ ቀርቶ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተባለ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ቦታ በሁለትና በሦስት ስም የሚጠሩልዎት ለዚህ ነው።

መዝገብ ቤት

የሁለታችሁን ክርክር በጉጉት ተከታትያለሁ። እኔ ወደ ወሰኑ ጉዳይ ልመለስ፤ ጠያቂው በሥራው ላይ የሚሰናከሉበት ዋናው ቦታ እሱ ይመስለኛል።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ያለው ሥርዓት በአንድ ሰንጠረዥ ሊገባ ይችላል፤ ምክንያቱም አከፋፈሉ በመሠረቱ አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን፣ ከየምርጫ ክልሉም አብላጫ ድምፅ ያገኘው አንድ ዕጩ እንዲመረጥ ይደነግጋል። በሥራ ላይ ያሉት 547 የምርጫ ክልሎች ሲሆኑ፣ 138ቱ በአማራ ክልል ይገኛሉ። የምርጫ ክልሎቹ የተቀረጹት ወረዳን መነሻ በማድረግ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድና ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ጥናት መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ቢያዝም፣ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከ17 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ስለነበር፣ በአማካይ ለአንድ የምርጫ ክልል 125 ሺሕ ያህል ሰው ይደርሰዋል። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ሲጨምር የወንበሩ ቁጥር ባለበት ቆሟል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአስተዳደር ወረዳዎች በየጊዜው ይከፈላሉ፤ የምርጫ ክልሉ ግን አብሮ አይከፈልም። ስለዚህ የዛሬውን የወረዳ ካርታ ይዘው የ1992ን ወይም የ1997ን ውጤት ቢያነቡ፣ ቀበሌዎችን ወዳልነበሩበት ክልል ያስገባሉ። የምርጫ ጣቢያዎችን ዝርዝር በየምርጫው ዓመት ለየብቻ መያዝ ይሻላል።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የክልል ምክር ቤቱ ነው። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት፤ ለሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ የሚሰጠውም በአንድ ቀን ነው። በመሆኑም ከአንድ የምርጫ ክልል ለክልሉ ምክር ቤት ከአንድ በላይ ሰው ይመረጣል። ‹‹የእኛ ተመራጭ እገሌ ነበር›› ሲባሉ የትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዳይመዘግቡ፤ በአካባቢ ታሪክ ጽሑፎች ላይ ይህን ዓይነት መደበላለቅ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

የፓርቲ ስሞችንም በጥንቃቄ ይያዙ። የአማራ ክልል ገዢ ፓርቲ የነበረው ኢሕዴን በ1986 ዓ.ም. ብአዴን፣ በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ተዋሐደ። በሰንጠረዡ ላይ የተለያየ ስም ሲታይ ወንበሩ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የተዘዋወረ ይመስላል፤ ስለዚህ አንድ ማብራሪያ ከሥሩ ያኑሩ። ለ2002 እና ለ2007 ዓ.ም. ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. ከገዢው ግንባር ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጪ ፓርላማ የገቡት ከአዲስ አበባ አንድ የተቃዋሚው የመድረክ ዕጩና ከቦንጋ አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። ስለዚህ በጎጃም ያለ ማንኛውም የምርጫ ክልል በእነዚህ ሁለት ዓመታት አሸናፊው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሊመረመር የሚገባው ተቃዋሚው ያገኘው ድምፅ ነው፤ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የተሸነፈ ድምፅ ወንበር ባያስገኝም፣ የአካባቢውን ስሜት የሚያሳየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የመተከልን ጉዳይ ለማነጻጸሪያ ቢጠቅሱት ጥሩ ነው። መተከል ከጎጃም ወጥቶ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተጠቃለለ በኋላ የምርጫ ታሪኩም ተለይቷል። በ2013 ዓ.ም. በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጥ ቀርቶ ቀሪው ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። የአንድ ጠቅላይ ግዛት ልጆች በሁለት የተለያዩ የምርጫ አቆጣጠሮች ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው።

የእነማይ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡን ለ1987 እና ከዚያ ወዲህ ብቻ ለመጠቀም፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን በተራ ጽሑፍ ለማቅረብና ሸንጎውን በአንድ አንቀጽ ለማለፍ ወስኛለሁ። ስለ 1960 ዓ.ም. የጋሼ ቀራንዮ መመዘኛ አሳምኖኛል፤ ቃለ ጉባኤውን ሳላይ አላስገባውም።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። በ1997 ዓ.ም. አሸናፊ ተብለው የታወጁ፣ ነገር ግን ወንበራቸውን ያልተረከቡ ተመራጮች በአገር ደረጃ ብዙ እንደነበሩ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው የምርጫ ክልል በሰንጠረዥ ላይ እንዴት ይመዘገባል? አሸናፊውን ልጻፍ ወይስ ወንበሩ ባዶ ነበር ልበል?

ዳሞት

ከዚህ በፊት ያልተሳተፍሁ ቢሆንም በዚህኛው ላይ ልመልስ፤ የ1997ን ምርጫ በተመለከተ በምዕራብ ጎጃም አንድ ወረዳ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቻለሁ።

የ1997ን ምርጫ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ዓመት ውስጥ አራት የተለያዩ መዝገቦች መኖራቸው ነው። መጀመሪያ ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ በየምርጫ ጣቢያውም ውጤት ተለጠፈ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይህን የበር ላይ ወረቀት ነው። ንብና ሁለት ጣት (የኢሕአዴግና የተቃዋሚው የቅንጅት የምርጫ ምልክቶች) ብሎ ዕድሜው የማይፈቅድለት ልጅ ሳይቀር የሚቆጥርበት ጊዜ ስለነበር፣ የቃል ምስክር ከፈለጉ ከሌላው ምርጫ ሁሉ ይልቅ ይህ ይቀላል። ቀጥሎ አቤቱታዎች ቀረቡ፤ ተጣርተውም በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ። ከዚያ ቦርዱ የመጨረሻውን ውጤት አወጀ፤ ቅንጅት በአገር ደረጃ 109 ወንበር አገኘ። በመጨረሻም ምክር ቤቱ ሲከፈት ከተመረጡት ተቃዋሚዎች የተወሰኑት ገቡ፣ ሌሎቹ አልገቡም።

እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ‹‹አሸናፊ›› የሚለውን ዓምድ ሁለት ቦታ ከፈልሁት፤ በአንደኛው በቦርዱ የታወጀውን ሰውና ፓርቲ፣ በሁለተኛው ወንበሩን በትክክል የያዘውን ጻፍሁ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ተደጋገመ ማለት ነው፤ ጉዳት የለውም። ካልተገናኙ ግን አንባቢው የክልሉን ታሪክ እዚያው ያገኘዋል። ‹‹ወንበሩ ባዶ ነበር›› ብቻ ቢባል መራጩ ያደረገው ነገር ይሰረዛል፤ አሸናፊው ብቻ ቢጻፍ ደግሞ ክልሉ በምክር ቤቱ ሰው የነበረው ይመስላል። ባዶ ለቀሩ ወንበሮች የማሟያ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከአካባቢ ምርጫው ጋር ነው። ስለዚህ የሚመለከተው ክልል ከሆነ ‹‹1997›› እና ‹‹2002›› በሚሉት ረድፎች መካከል ‹‹2000፣ ማሟያ›› የሚል አንድ ረድፍ ያስገቡ። ይህ ረድፍ ከብዙ የአካባቢ ታሪኮች ውስጥ ይዘለላል።

ስለ ጥንቱ ምርጫ ሰነድ ፍለጋ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ከመመለስዎ በፊት የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የምርጫ ዘመን ዕትሞች በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወይም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢያገላብጡ ይሻላል። ስም ይዘው ሲጠይቁ ሽማግሌው የሚያስታውሰው ይበዛል፤ ባዶ እጅዎን ከሄዱ የሚሰሙት ስለ ጀግኖቹ ብቻ ነው። የ1957ቱን የሁለቱን እንደራሴዎች ስም ካገኙ እዚህ ቢለጥፉልን፣ ጋሼ ቀራንዮ የጠየቁትን ቃለ ጉባኤ አዲስ አበባ ያለነው እንፈልግልዎታለን።